ወደ ውስጥ የተባለ አዎ

የቃል ፈተና የሚባለውን ነገር ጣልያን አገር ከመሄዴ በፊት አላውቀውም ነበር። እኛ ጋ ፈተና ወረቀት ነው። ተቀምጠን እንጽፋለን፣ እናስረክባለን፣ ውጤት ሲለጠፍ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርተን እናያለን፤ ከመምህሩ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት የለም። እዚያ ግን ተማሪው ከመምህሩ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ተራቸውን የሚጠብቁት ከኋላ ሆነው ያዳምጣሉ። ይጠየቃል፣ ይመልሳል፣ በመጨረሻም መምህሩ ከሠላሳ ያገኘውን ቁጥር በቃል ይነግረውና «አቼታ?» ይለዋል፤ ይቀበላሉ? ማለት ነው። ቁጥሩን ያልወደደ ተማሪ አልቀበልም ብሎ ተነሥቶ ሊሄድ፣ በሌላ ዙር እንደገና ሊፈተን ይችላል። ይህን የነገረችኝ በተማሪዎች ማደሪያ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ነበረች፤ የምትቀልድብኝ መስሎኝ ነበር። መምህር የሰጠውን አልቀበልም ማለት እኔ ባደግኩበት ቤት ከስድብ እምብዛም አይሻልም።

ይህን ሁሉ የምማረው በሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጎጆ በምትባለው የደጋ ከተማችን እናቴ አምስት ዓመት አልጋ ላይ ስትተኛ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ካረፈች በኋላ አባቴ አምቦ አምጥቶ ለእህቱ ሰጠኝ። አዳዳ እላታለሁ፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ስም ስትጠራ ስለምትውል ቤት ስትገባም ድምፅዋ አይወርድም። በወሩ ትምህርት ቤት አስገባችኝ። የመጀመሪያ ቀን ክፍሉን ስከፍት ልጆቹ በሙሉ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ባርሲስቱን ዱፍቴ!» አለ አንዱ፤ መምህርቷ መጣች ማለቱ ነው። ሄጄ ኋላ ወንበር ላይ ስቀመጥ ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገብቷቸው ቆመው ቀሩ።

ዘግይቼ ስለጀመርኩ ሁልጊዜ የዘለልኩት ነገር ያለ ይመስለኛል። አንድን መስመር ሁለት ጊዜ ሳላነብ አላልፍም። ይህ ጠባይ ለሰው አይመችም፤ ለሥዕል ግን ተመቸኝ። መምህራን ኮሌጅ ገብቼ የሥነ ጥበብ መምህርት ሆኜ ባኮ ተመደብኩ። ባኮ ለጎጆ ልጅ በጣም ሞቃት ነው። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ሲሄዱ ባዶው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የደረቀ የበቆሎ ልጣጭ እሥል ነበር፤ አንዱን ልጣጭ አሥራ አንድ ጊዜ ሥዬዋለሁ፣ በእርሳስ ብቻ። የነጻ ትምህርቱን ማስታወቂያ ያየችው የሥራ ባልደረባዬ ናት። «ላኪው እንጂ፣ ምን ይጎዳሻል?» አለችኝ። ላክሁ። ተጠራሁ።

ጣልያንኛን ሽፋኑ ከወለቀ አሮጌ የሰዋስው መጽሐፍ ነው የተማርኩት። ከመጽሐፉ በፊት ግን ከአዳዳ ቤት አጥር ማዶ ያለው ጋራዥ አስተምሮኛል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ሞርሳ፤ እነዚህን ሁሉ አማርኛ ናቸው ብዬ ነው ያደግኩት። እዚያ በደረስኩበት ሳምንት ዳቦ የምገዛው ጣቴን እየቀሰርኩ ነበር፤ ሥዕል ክፍል ውስጥ የሸራ ማቆሚያዬ ብሎን ሲላላ ግን ሳላስበው «ካቻቢቴ» አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አንዱ ተማሪ እየሣቀ፣

«ሌላስ ምን ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ፍሪሲዮን» አልኩት።

አንድ ወር ሙሉ መካኒኳ እያሉ ጠሩኝ። አልከፋኝም፤ ሌላ የማውቀው ነገር እስኪኖረኝ ድረስ መጠሪያ ሆነኝ።

የነጻ ትምህርቱ ውል ግልጽ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ፈተናዎች ሁሉ ነሐሴ ሳይገባ ታልፈው መመዝገብ አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ድጎማውም፣ መኝታ ክፍሉም፣ በእነዚያ ላይ የቆመው የመኖሪያ ፈቃድም ይቀራል። ሰኔ ላይ ሌላውን ሁሉ ጨርሼ የሥነ ጥበብ ታሪክ ብቻ ቀረኝ። እሱን ካላለፍኩ ወደ አምቦ እመለሳለሁ፤ ባኮ የነበረኝ ቦታ ደግሞ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። በሃያ ሰባት ዓመቴ ከዜሮ የምጀምረው ሌላ ነገር አልታየኝም።

የሥነ ጥበብ ታሪክ የሚያስተምሩን ሸምገል ያሉ፣ ነጭ ፀጉራቸውን አጭር የሚቆረጡ ሴት ነበሩ። ተማሪን እርስዎ ነው የሚሉት። እዚያ መምህራኑ ሁሉ እንደዚያው ናቸው፤ እኔ ግን መምህር እርስዎ ሲለኝ ጥፋት የሠራሁ ይመስለኛል። በፈተናው ቀን ዓይኔን ጠረጴዛው ላይ ተክዬ የተጠየቅኩትን ሁሉ መለስኩ። ስለ ግድግዳ ሥዕል ጠየቁኝ፣ ኖራው እርጥብ ሳለ ለምን እንደሚቀባ። ስለ ወርቅ ቅብ ጠየቁኝ። ቃላቱ ሳይዘበራረቁ ወጡልኝ። በመጨረሻ፣

«ሃያ አራት» አሉ። ማለፊያው አሥራ ስምንት ነው። «አቼታ?»

ተቀበልኩ። በሙሉ ልቤ ነው የተቀበልኩት። እሳቸው ትኩር ብለው አዩኝ፤ «መልካም፣ እንደ ፈቃድዎ» አሉና አንድ ነገር ጻፉ። እኔ ይህን የጨዋ ሰው ስንብት ብዬ ተረጎምኩት። እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

ከስምንት ቀን በኋላ ውጤቱን በኮምፒውተር ስከፍት ከስሜ ፊት ለፊት ቁጥር አልነበረም። አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ሪቲራታ። ትርጉሙን አውቀዋለሁ፣ ሆኖም መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ። ራሷን ያገለለች። ሁለተኛ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ያም ያንኑ አለ። ቀጣዩ ዙር መስከረም ላይ ነበር።

አብራኝ የምትኖረው ልጅ ከደቡብ ጣልያን የመጣች፣ ስታወራ እጇ የማያርፍ ልጅ ናት። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ጫማዋን እየወለወለች ነበር። ነገርኳት።

«አልቀበልም አልሽ እንዴ?»

«አላልኩም።»

«ታዲያ ምን አልሽ?»

«አዎ አልኩ።»

«በአፍሽ? ሲ ብለሽ?»

ለማስታወስ ሞከርኩ፣ የሰማሁት የራሴ ድምፅ የለም። ብቻ ማለቴን አውቃለሁ። ፊቴን አይታ አዘነችልኝ መሰለኝ፣

«ተዪው አሁን። ሻይ ላፍላልሽ?» አለች።

መለስኩላት። ጫማዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«ይኸው!»

«ምኑ?»

«አሁን ያደረግሽው! ሻይ ስልሽ ለምን ትደነግጫለሽ?»

«መች ደነገጥኩ? እጠጣለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ምንም አላልሽም! ያደረግሽው እንደዚህ ነው» ብላ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እባብ እንዳየ ሰው ትንፋሽዋን ሳበች። «ስምንት ወር ሙሉ አስም ያለብሽ መስሎኝ ነው የኖርኩት። እናቴን ሳይቀር ጠይቄልሻለሁ፤ በፈላ ውሃ እንፋሎት ትታጠን ብላለች።»

የእኛ ሰው ይህን ሲያነብ ማስረዳት አያሻኝም። ስንስማማ ትንፋሻችንን አጠር አድርገን ወደ ውስጥ እንስባለን፣ ነገሩ አለቀ። ሐኪም ሲጠይቀን፣ ዳኛ ሲጠይቀን፣ ሰው በስልክ ሲያወራን እንደዚያ ነው። ከእኔ ጋር ይህን ያህል ዘመን የኖረ ነገር ሆኖ፣ ለማያውቅ ሰው ምን እንደሚመስል አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። መምህሯ የሰሙት እሺታ አልነበረም፤ በሃያ አራት የደነገጠች፣ የተከፋች ሴት ነው ያዩት። በጨዋነታቸውም ሳያስጨንቁኝ አሰናበቱኝ።

አዳዳ ጋ ደወልኩ፣ ሥራ ላይ ነበረች። ስነግራት ሣቋ ፈነዳ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ለፈረንጅ በትንፋሽ መለስሽላት?»

«ሳላውቀው ነው፣ አዳዳ።»

«ድሮም አፍሽን የምትከፍቺው ለእህል ነው። ስንቴ ነግሬሻለሁ? ጌታ አፍ የሰጠሽ ለማዛጋት ብቻ ነው?» ከዚያ አፏን ወደ ስልኩ አስጠጋች፤ የሚጠብቃት ሰው ሲንጫጫ ይሰማኛል። «አሁን ይሄ ነገር ያስመልስሻል?»

«ያስመልሰኛል።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ያስፈልጋል። እዚያ የአገር ሰው የለም? አንድ ኮት የለበሰ ትልቅ ሰው ፈልጊና ከፊት አስቀድሚ፣ አንቺ ከኋላ ቁሚ።»

«እዚህ እንደዚያ አይደረግም።»

«መምህር የትም መምህር ነው! ብቻሽን ሄደሽ ተሳስተሻል ልትያት ነው? ማፈር የለም?»

ብሥቅም ሐሳቡን አልጣልኩትም። በየእሑዱ ጸሎት ቤት የማገኛቸው አንድ አዛውንት ያገራችን ሰው ነበሩ፤ ኮትም አላቸው። ስልካቸውን አውጥቼ ሁለት ቀን ሳልደውል ያዝኩት። ያስቸገረኝ እምቢ ይሉኛል ብዬ አይደለም። እሺ ብለው ከፊት ቢቀድሙልኝ ከኋላቸው የምቆመው ያቺው በአሥራ ሁለት ዓመቷ እጇን ተይዛ አምቦ የመጣች ልጅ እንደምትሆን ታየኝ። ሳልደውል ቀረሁ።

የመምህሯ የቢሮ ሰዓት ሐሙስ ነበር። የምለውን ጽፌ፣ አርሜ፣ እንደገና ጽፌ በቃሌ ያዝኩት። በሩን ሳንኳኳ ግን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የቀረኝ።

«ያን ቀን ተቀብዬ ነበር» አልኳቸው።

«አልተቀበሉም። ሲደነግጡ አይቻለሁ።»

«ድንጋጤ አልነበረም። እኛ አገር አዎ እንደዚያ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ያሳዩኝ።»

ሞከርኩ። ሆን ብዬ ስስበው ትንፋሽ ሆኖ አልገባም፣ ሳል ሆነ። እንደገና ሞከርኩ፣ ባሰ። ላቤ መጣ። እሳቸው አልሣቁም፤ ሳሉ እስኪያበቃ ጠበቁኝ።

«አምንዎታለሁ» አሉ። «እምነቴ ግን ቁጥር አይሆንም። መዝገቡ ተፈርሞበታል፣ ተዘግቷል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሥራ ለያዙ ተማሪዎች ተጨማሪ ዙር አለ፤ እርስዎን እንዲያስገቡ መጠየቅ እችላለሁ። ከመጀመሪያው ነው የሚፈተኑት። ሃያ አራቱ የለም።» ከዚያም ጨመሩ፤ «በዚያን ቀን ደግሞ ድምፅዎን እፈልጋለሁ። ዓይንዎንም።»

ደረጃውን ስወርድ ቅር አላለኝም። እኔም ብሆን የተፈረመ መዝገብ አልከፍትም ነበር።

አምስት ሳምንት ነበረኝ። ጠዋት ጠዋት መጽሐፉን እንደ አዲስ ከገጽ አንድ አነበብኩ። ከሰዓት በኋላ አብራኝ የምትኖረው ልጅ አሠለጠነችኝ፣ ርኅራኄ በሌለው መንገድ።

«የሞተሮቹ ጩኸት በዛ፤ መስኮቱን ልዝጋው?»

ትንፋሼን እስባለሁ።

«አልሰማሁም!» ትላለች፣ መስኮቱ ተከፍቶ ይውላል።

አንድን ትንፋሽ ከሰውነት ማውጣት ቀላል መስሎኝ ነበር። ወደ ውስጥ የምትገባዋ አዎ ሳላስባት ትመጣለች፤ ወደ ውጭ የምትወጣዋን ግን አስቤ፣ ወስኜ፣ ገፍቼ ነው የማወጣት። ሲ ባልኩ ቁጥር ያልሆነ ነገር ያልኩ ይመስለኝ ነበር። ልጅቷ መስኮቱን ዘግታ ታጨበጭባለች፣ እኔ የዋሸሁ ሰው ሆኜ እቀመጣለሁ።

በእነዚያ ሳምንታት አባቴን በስልክ ያገኘሁት ሁለቴ ብቻ ነው። ጎጆ ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ወር ይጠፋል። ስለ ፈተናው አልነገርኩትም። «መቼ ነው የምትመጪው?» ሲለኝ «ይታያል፣ አባ» እለዋለሁ። እሱም መልሶ አይጠይቅም።

በፈተናው ቀን አዳራሹ ባዶ ሊባል ይችላል። ከሥራ መልስ የመጡ አራት አምስት ሰዎች በሙቀቱ በደብተራቸው ይራገባሉ። ተራዬ ደርሶ ስቀመጥ መምህሯ የትልቅ ሥዕል ቅጂ ከፊቴ ዘረጉ። መልአኩ ከግራ ገብቷል፣ ድንግል ከቀኝ ናት። ብሥራት ነው።

እኔ ያደግኩበት ጸሎት ቤት ግድግዳው ነጭ ነው፤ ሥዕል የለበትም። የኦርቶዶክስ ጓደኞቼ በልጅነታቸው በዓይናቸው የለመዱትን እኔ ከመጽሐፍ ነው የለቀምኩት፤ ስለዚህ በደንብ ለቅሜዋለሁ። የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች የድንግልን ሰዓት ይከፋፍሉታል። መጀመሪያ ትደነግጣለች፣ ከዚያ ታስባለች፣ ከዚያ ይህ እንዴት ይሆናል ብላ ትጠይቃለች፣ በመጨረሻ ትቀበላለች። ሠዓሊው ከእነዚህ አንዱን መርጦ ይሥላል።

«ይህቺ የትኛዋ ናት?» አሉኝ።

መጽሐፉ የደነገጠችዋ ናት ይላል። ገጹ እንኳ ትዝ ይለኛል። ያንን ብል አልፋለሁ። ግን ከፊቴ ያለውን አየሁት፤ ልጣጩን ባኮ ላይ እንዳየሁት አየሁት። እጇ ደረቷ ላይ ነው። ከንፈሯ ተዘግቷል። አንገቷ ቀና ብሏል፣ ትከሻዋ ግን ወደ ኋላ አልሸሸም። የደነገጠ ሰው ይሸሻል፤ የእሷ ጉልበት ወደ መልአኩ ነው ያዘነበለው። ያየሁትን ትቼ የተጻፈውን ብናገር ቁጥሩን አገኝ ይሆናል፤ ዓይኔን ግን ከዚያ በኋላ አላምነውም።

«ተቀብላለች» አልኩ።

«መጽሐፉ እንደዚያ አይልም።» መጽሐፉን የጻፉት እሳቸው ነበሩ።

«አውቃለሁ።» ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ዓይናቸው ግራጫ መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ስለ ትከሻዋና ስለ ጉልበቷ ነገርኳቸው። «ደረቷ ሞልቷል። ትንፋሽዋን ስባለች» አልኩ።

ቅጂውን ወደ ራሳቸው አዙረው ብዙ አዩት። ከኋላዬ የደብተሮቹ መራገብ ቆመ።

«አልስማማም» አሉ። «ግን አይተዋል።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ሁለቱን በደንብ፣ አንዱን በከፊል መለስኩ። እስክሪብቷቸውን አነሡ።

«ሃያ ስድስት። አቼታ?»

ትንፋሼ ሲመጣ ተሰማኝ። ጉሮሮዬ ላይ ያዝኩት።

«አቼቶ!» አልኩ፤ እቀበላለሁ።

ሳላስበው ጮኼ ነው ያልኩት። ኮሪደሩን የሚወለውሉት ሴትዮ በበሩ አንገታቸውን አስገቡ። መምህሯ ቁጥሩን ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ወረቀቱን ወደኔ አዙረው አሳዩኝ፤ ሌላ ተማሪ ላይ ሲያደርጉት አላየሁም።

አዳዳ ካርድ ክፍሏ ውስጥ እልል አለች፤ የተሰለፈው ሰው አብሯት አጨበጨበ። ጎጆ ስልክ አልገባ ስላለ ቅዳሜ ራሷ መኪና ይዛ ወጣች፣ ለአባቴ በቃሏ ልትነግረው። እሑድ ከጸሎት በኋላ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ዝግ ብሎ ነበር፤ እንደዚያ ሰምቻት አላውቅም።

«ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«ጌታ ይመስገን አለ።»

«ሌላስ?»

«ስንት ዓመት ቀራት አለ። ሁለት አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ኢንተላ ኮ፣ ተዪኝ።»

«ንገሪኝ እንጂ፣ አዳዳ።»

«የፈተናውን ነገር አውቆት ነበር። ሰኔ ላይ እኔው ነኝ የነገርኩት፤ አፌ አያርፍ። አምስቱን ሳምንት ሲጸልይ ነው የከረመው። ትውደቅ ብሎ አልጸለየም፤ ወንድሜን አውቀዋለሁ፣ እንደዚያ አያደርግም። ትምጣ ብሎ ግን ጸልዮአል።»

ሁለቱ አንድ መሆናቸውን አባቴ ሳያውቅ አይቀርም። እንዴት አድርጎ ለያይቶ እንደጸለየው አሁንም አስባለሁ። ያን ጊዜ ግን አዳዳ ወሬዋን ቀጠለች።

«ከዚያ ተነሥቶ የድንች ማሳውን ሊያይ ወጣ» አለች። «ሲመለስ፣ እዚያ አገር ድንች የሚወጣው መቼ ነው ብለሽ ጠይቂልኝ አለኝ። እኔ በምን አውቃለሁ?»

እኔም አላውቅም ነበር። በማግስቱ ገበያ ወርጄ አትክልት የሚሸጡትን ሴትዮ ጠየቅኩ። ሜዳው ላይ ወጥቶ አልቋል፣ ተራራው ላይ ግን ገና ነው፣ ከመስከረም በኋላ ነው አሉኝ። የድንቹን ዓይነትና የአፈሩን ቀለም ጭምር ጠይቄ ጻፍኩት። የጎጆ ስልክ እስኪገባ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ሲገባ ከሰላምታው ቀጥሎ አነበብኩለት።

«ከመስከረም በኋላ?» አለ አባቴ።

«ከመስከረም በኋላ። ተራራው ላይ።»

«እንግዲያው እንደኛው ነው» አለ፣ መቼ ነው የምትመጪው ብሎ አልጠየቀኝም።